የጉሮሮው ልክ

ቆርቆሮ ሠሪውን ሠፈሩ የሚያውቀው «ሚሊሜትር» በሚል ቅጽል ስም ነው። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው። ስለ ልክ ዋሽቶ አያውቅም፤ የሰው ስሜት ግን ግድ ሰጥቶት አያውቅም። ከእህቱ ባል ከግንበኛው ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት የተኮራረፉትም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ግንበኛው ያኔ ለአዲሷ ሙሽራው፣ ለሚሊሜትር እህት፣ ቤት ሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ በጥርብ ድንጋይ የግድግዳ ምድጃ ገነባ። ሚሊሜትር ደግሞ ለጭስ ማውጫው አናት የቆርቆሮ ቆብ ሠርቶ በስጦታ ገጠመለት፤ ወፍ እንዳይገባበት ዙሪያውን ወንፊት አልብሶታል። የመጀመሪያው እሳት ሲለኮስ ጭሱ ወደ ሳሎን ተመለሰ። እንግዶቹ ዓይናቸውን እያሹ ሳሉ ሚሊሜትር ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይኼ ምድጃ ጉሮሮ የለውም» አለ።

ጉሮሮ የሚሉት ከእሳቱ በላይ ያለውን፣ ጭሱ የሚያልፍበትን ጠባብ አንገት ነው። ከጠበበ ጭሱ ይመለሳል፤ ከሰፋ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የግንበኛ እጅ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ይህን በሰው ፊት መባል ለግንበኛው እንደ ጥፊ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚስቱን ወንድም «አንተ» ብሎት አያውቅም። «እርስዎ» ነው የሚለው፤ ለአክብሮት ሳይሆን ለአጥር።

ዘንድሮ የእህትየው ሳል ጠናና ሐኪሙ ወይ ጭሱን ወይ ቤቱን ልቀቂ አላት። በዚያ ብርድ ያለ እሳት መክረም አይታሰብም። እሷም ባሏን ሳታማክር ወንድሟን አስጠራች፤ በድንጋዩ ምድጃ ሆድ ውስጥ በር ያለው የብረት ምድጃ እንዲያስገባላት። የብረት ምድጃ ጭሱን በራሱ ቱቦ ይዞ ጣራ ድረስ ያደርሰዋል፤ ሳሎኑ የሚያገኘው ሙቀቱን ብቻ ነው።

ሚሊሜትር ሲደርስ ግንበኛው ከምድጃው ፊት ለፊት ወንበር አስቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ ጠበቀው።

«እርስዎ አዋቂው» አለው፣ «ከፊቱ አንዲት ድንጋይ ብትላቀቅ፣ በገቡበት በር ነው የሚወጡት።»

ሚሊሜትር ወደ እህቱ ዞረ። «ለባልሽ ንገሪው፤ የሚበላሸው ከተበላሸ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

«እኔ የሁለታችሁ ስልክ አይደለሁም» አለች። ሌላም ልትጨምር ነበር፤ ሳሉ አቋረጣት።

ሥራው ሲያዩት ደስ የሚል ሥራ ነው። መጀመሪያ የድንጋዩ ምድጃ አፍ ይለካል፤ ጀማሪ ፊት ለፊቱን ብቻ ለክቶ ይሄድና የብረቱ ምድጃ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀረቀርበታል። የጎን ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ስለሚጠቡ መለካት ያለበት ጀርባው ነው። ከፊት ሰማንያ ሳንቲም፣ ከኋላ ስልሳ ሁለት። የብረቱ ምድጃ ሃምሳ አምስት ስለሆነ ለአየር መዘዋወሪያ እንኳ ይተርፋል። ቀጥሎ ጉሮሮው ላይ የነበረውን አሮጌ የብረት መዝጊያ ነቅሎ ሜትሩን ወደ ውስጥ ላከ። ዐሥራ ሁለት ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሜትሩ ዐሥራ ስምንት አለ።

ደግሞ ለካ። ሦስተኛ ለካ። ዐሥራ ስምንት ማለት እንከን የማይወጣለት ጉሮሮ ነው።

«ስንት ሆነ?» አለ ግንበኛው ከወንበሩ።

«ቱቦው ያልፋል።»

በዕድሜው ሙሉ ስንት ሲባል ቁጥር ያልመለሰበት ቀን ይህ ብቻ ነው። ግንበኛውም ይህን አላጣውም።

ሚሊሜትር ቱቦውን ተሸክሞ ጣራ ላይ ወጣ። ቆቡን ሲነቅለው እጁ ላይ ከበደው። ያኔ ወፍ ብቻ ሳይሆን ንብም እንዳይገባ ብሎ የመረጠው ወንፊት የክብሪት እንጨት እንኳ አያሳልፍም፤ ያ ጠባብ ዓይኑም ጥቀርሻ እንደ ቅጥራን ተጋግሮበት ተደፍኗል። ግንበኛው በየዓመቱ ከሥር በብሩሽ ሲጠርግ እዚህ ሲደርስ ይቆማል። ልንቀለው ባለ ቁጥር ሚስቱ የወንድሜ ስጦታ አይነካም ትለዋለች። ቤቱን ያነቀው ጉሮሮው አልነበረም።

ቆቡን የዕቃ ከረጢቱ ውስጥ ከተተና አፉን አሰረ።

ታጣፊውን ቱቦ በጭስ ማውጫው ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ይለቃል፣ አንዱ ከታች ይስባል። ከታች ለመሳብ ጉልበት ያለው ግንበኛው ብቻ ነው። «ወደ ግራ»፣ «ቀስ»፣ «ይልቀቁ» ሲባባሉ ቆዩ፤ ከዚህ በላይ ቃል አልተለዋወጡም። መጨረሻ ላይ የግንበኛው ድምፅ በጭስ ማውጫው ውስጥ ወጣ፦ «ያልፋል ማለት ስንት ነው?»

ሚሊሜትር አናቱ ላይ ከቱቦው ጋር ያመጣውን ወንፊት የሌለው አዲስ ቆብ ገጥሞ ወረደ።

ቱቦውን ከምድጃው አንገት ጋር አያያዘው። የጉሮሮውን ክፍተት ቱቦውን ብቻ በሚያሳልፍ ላሜራ ዘጋ፤ ዙሪያውን እሳት የማይበላው ሱፍ ጠቀጠቀበት። ይህ ካልተዘጋ የክፍሉ ሙቀት በቱቦው ጎን ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ክብሪት ጭሮ ወደ በሩ አስጠጋ። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ተጎነበሰ፤ ጭስ ማውጫው መሳብ ጀምሯል ማለት ነው። ትንሽ እሳት ለኮሰና በሩን ዘጋ።

አንዲት የጭስ ክር አልወጣችም። እህትየው ሳሏን ጠበቀች። አልመጣም። ደረቷን በእጇ ይዛ በረጅሙ ተነፈሰችና ወደ ባሏ ዞረች።

«እንግዲህ እውነትም ጉሮሮው ነበራ» አለች። «ይኼን ሁሉ ዓመት ያሳልከኝ አንተ ነህ።»

ግንበኛው አንገቱን ደፋ። ዝም ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ መውጣት ለሚሊሜትር ቀላል ነበር። ግን ከረጢቱን ፈታና ቆቡን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው።

«ጉሮሮው ዐሥራ ስምንት ነው። ልክ ነው። ያነቀሽ ይኼ የኔ ቆብ ነው።»

ግንበኛው ተነሣ። ወንፊቱን በጣቱ ጫፍ ጫን አለው፤ ጥቀርሻው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ መዶሻና ሚስማር አመጣ። አትንኩብኝ ባለው ግንብ ፊት፣ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ሚስማሩን መታና ቆቡን ሰቀለው።

«እዚህ ይኖራል» አለ። «በር የሚገባ ሁሉ ያየዋል። አሁን ውጣልኝ።»

እህትየው ማንንም ቀና ብላ አላየችም። የምድጃውን በር ከፍታ አንድ እንጨት ጨመረች።

ሚሊሜትር መዶሻውንና ሜትሩን ለቅሞ ወጣ። ከግቢው በር ሲደርስ ነው ልብ ያለው፤ «ይውጡልኝ» አላለውም።