ለቱቦ ተያዥ ሆኜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የላብራቶሪ ኃላፊያችን ኢንጂነር ታደለ አንድ ቁራጭ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ አስታቀፉኝ። «ጫፍና ጫፉን ድፈን፣ ውሃ ሞልተህ ግፊት ስጠው፣ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ክተተው» አሉኝ። «እስከ መቼ?» ስላቸው «እስኪፈነዳ» አሉ። ወይ ጉድ! ተምሬ ተምሬ ቱቦ ልቀቅል?

ሥራው ግን ሥራ ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ቶሎ ያረጃል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደታገሠ አይተን፣ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እናሰላለን። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዘጠናዎቹ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የዛገ የብረት የውሃ መስመር በፕላስቲክ ቱቦ ልንቀይር ሄድን። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ገብሬ መንገድ ዘጉብን። ተቋራጩ ደግሞ «ዛሬ ካልተፈቀደ ማሽኔን ይዤ ካዛንቺስ እሄዳለሁ» ብሎ ሞተሩን አስነስቷል።

«ሃምሳ ዓመት ይቆያል እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«ተያዡ ማነው?»

«የማን ተያዥ?»

«የቱቦው ነዋ! የቤት ሠራተኛ እንኳ ያለ ተያዥ አይቀጠርም። ይሄ ሃምሳ ዓመት ደጃችን ሊተኛ ነው።»

ኢንጂነር ታደለ ጋ ደወልኩ። «በቃ፣ አንተ ፈርምላቸው» አሉና ዘጉት።

ጋሼ ገብሬ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አርባ ስምንት።»

«ታዲያ ሃምሳውን ዓመት በየት በኩል ልትኖረው?»

እድርተኛው ተንጫጫ። «ያጨሳል?» አለ አንዱ። «ፊቱም ገርጥቷል» አለች ሌላዋ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ይሄኔ እትዬ አልማዝ ጄሪካናቸውን መሬት ላይ ጣሉት። ሰባ ዓመት አልፏቸው ዳገቱን ውሃ የሚያመላልሱ ሴት ናቸው። «ኧረ በፈጠራችሁ! ሃምሳ ዓመት ለኔ ምን ሊያደርግልኝ? እኔ እስካለሁ ድረስ ይፈርምና ውሃዬን ስጡኝ!»

«ለእትዬ አልማዝ ዕድሜ ያህል» ተብሎ ተጻፈ። ፈረምኩ። ቁፋሮው በዚያው ቀን ተጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ኢንጂነር ታደለ ስለ መስመሩ ሲጠይቁኝ «እትዬ አልማዝ ደኅና ናቸው» እላለሁ። አንድ ቀን የስልክ ገመድ ቀባሪዎች ቱቦውን በጠሱት። ጋሼ ገብሬ ወዲያው ደወሉ፤ «ተያዥ፣ ና!»

«ቆፋሪ ነው የቆረጠው፣ ዕድሜው አልቆ አይደለም» ብላቸው «ሰውም መኪና ሲገጨው ዕድሜው አለቀ ነው የሚባለው» አሉኝ። ሄጄ ቀጠልኩት።

እትዬ አልማዝ ያረፉት ከዓመታት በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ የድንኳኑን ሳህን የሚያጥቡት በደጃቸው ቧንቧ ነበር፤ ውሃው ይንዠቀዠቃል። ጋሼ ገብሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተያዥነትህ አብቅቷል፤ ነፃ ነህ» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ወጣት ባልደረቦቼ፣ ደንበኛ ስለ ቱቦ ዕድሜ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ ውሃው ለማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሌቱ በኋላ ይደርሳል።