ቢጫዋ ካሬ

በባሕር ጥናት መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍል የምትሠራውን ሴት ባልደረቦቿ «ሟርቷ» ይሏታል። ከጀርባዋ ብቻ አይደለም፤ ፊት ለፊትም ይጠሯታል፣ እሷም «አቤት» ትላለች። ስሙን ያወጣላት የቀድሞው የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ነው። እሷ ለእሱ ያወጣችለት ስም ደግሞ ጨዋ ሰው ፊት የሚነገር አይደለም።

ሥራዋ የባሕሩን ትኩሳት መከታተል ነው። የሚገርመው፣ ይህን የምታደርገው እግሯን ውሃ ሳታስነካ ነው። ማንኛውም ነገር፣ ድንጋይም ይሁን የሰው ገላ፣ በዓይን የማይታይ ሙቀት ይረጫል። ባሕርም እንደዚሁ ነው። ከምድር በላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ይህን ሙቀት የሚያይ ዓይን አላቸው። የሚያዩት ግን የባሕሩን ቆዳ ብቻ ነው፤ ከፀጉር የሳሳውን የላይኛውን ገጽ። ቀን ቀን ፀሐይ ያንን ቆዳ እየጠበሰች ስለምታሳስት፣ በብዛት የሚታመነው ሌሊት የተለካው ነው። ጠዋት ቢሮ ስትገባ ኮምፒውተሩ ሌሊት የተሰበሰበውን ሁሉ በትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ፣ ቀለም ቀብቶ ይጠብቃታል። አንዷን ካሬ ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማቋረጥ ቢቻል አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለኮራል ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ ያውም ተከራይ ያለው እንስሳ። በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል፣ ቀለሙንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ውሃው ከልክ በላይ ሞቆ ሲቆይ አከራይና ተከራይ ይጣላሉ። አልጌዎቹ መርዝ ማመንጨት ይጀምራሉ፣ ኮራሉም ያስወጣቸዋል። ያኔ ሥጋው እንደ መስታወት ጠርቶ ነጭ አጥንቱ ይታያል። ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ተራበ ማለት ነው። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ተከራዮቹ ይመለሳሉ። ካልቀዘቀዘ አይመለሱም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ባሕሩ ዛሬ ምን ያህል ሞቀ የሚለው አይደለም። ልጅ ሲያተኩሰው እናት «መቼ ጀመረው?» ብላ እንደምትጠይቀው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም ውሃው ከተለመደው የበጋ ሙቀት በስንት ዲግሪ እንዳለፈና ለስንት ሳምንት እንደዘለቀ ይደምራል። ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ካሬዋ ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከብርቱካናማ ወደ ቀይ ትለወጣለች።

አሁን ወደ ሟርቷ በቀል የሚወስደንን ቀዳዳ ላሳያችሁ። ግማሿ የብስ ግማሿ ባሕር የሆነች ካሬ ስትገኝ ሳተላይቱ ይደናገራል፤ የአሸዋውን ግለት ከውሃው ጋር ይቀላቅለዋል። ኮምፒውተሩ ታዲያ የዚያችን ካሬ ልኬት ይጥልና ከጎረቤቷ፣ ከጥልቁ ባሕር ቁጥር ተበድሮ ይሞላታል። ካርታው ላይ ስትታይ ከሌሎቹ ምንም አትለይም። በከተማው ዳር፣ በአለት የታጠረ ጥልቀት የሌለው ባሕር አለ፤ ሰው «ገንዳው» ይለዋል። ገንዳው ያለው እንዲህ ባለች ካሬ ውስጥ ነው። ጥልቁ ባሕር በነፋስና በማዕበል እየተማሰለ ይቀዘቅዛል፤ ገንዳው ግን ፀሐይ ላይ እንደተረሳ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው።

ሟርቷ ይህን በደንብ ታውቅ ነበር። አባቷ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ እንግዶችን ገንዳው ላይ እያዞረ ኮራሉን ያሳይ ነበር። እሷ የሰጠችውን ቴርሞሜትር ከጀልባው ኋላ አንጠልጥሎ፣ ማታ ማታ «ያንቺ ባሕር ዛሬም ፈልቷል» ይላት ነበር። በዚያ በክፉው የሙቀት ዓመት ካርታው ለገንዳው ቢጫ ሲያሳይ፣ ከሥሩ ማሳሰቢያ ጻፈችበት፦ ገንዳው ከካርታው በላይ ሞቋል፣ ኮራሉ አደጋ ላይ ነው፣ ጀልባና መልሕቅ ይራቅለት። የሆቴሎች ወቅት ነበር። ዳይሬክተሩ ማሳሰቢያውን ሰረዘው። አልበቃውምና መመሪያ አወጣ፦ ማንኛውም ባለሙያ ከካርታው ውጭ አንድም ቃል እንዳይጨምር። «ለሟርተኛ ደመወዝ የምንከፍለው እኛ ብቻ ነን» ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ።

ገንዳው ነጣ። ቀጥሎ ቡናማ አተላ ለበሰ፣ እንግዳም ቀረ። ሕዝቡ ተቆጥቶ አዳራሽ ሲሰበሰብ ዳይሬክተሩ ማይክሮፎኑን ይዞ «ባለሙያዋ ስለ ገንዳው ምንም አልነገረችንም» አለ። ከኋላ ተነሥታ ጮኸች፤ ማይክሮፎን የሌለው ሰው ጩኸት በዚያ አዳራሽ ምን ይሰማል? አባቷ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ፊት ተቀምጦ ነበር። ዞሮ አላያትም። ቴርሞሜትሩን ራሱ አንጠልጥሎ እያነበበላት፣ የሥራ ባልደረቦቹ ፊት ግን የአለቃን ቃል አመነ። ጀልባውን ደረቅ አሸዋ ላይ ጎትቶ ተወው፤ እስኪሞትም ድረስ ከልጁ ጋር ስለ ባሕር አንድ ቃል አላወራም። እሷ ወደ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ተዛወረች።

ከዚያ ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ያ ሰው በገዛ አፉ፣ ጀልባ ነጂዎቹ እየሰሙ፣ «ነግራኝ ነበር» እንዲል። ከዚህ ያነሰ አልፈለገችም።

ዳይሬክተሩ ጡረታ ሲወጣ እሷ ወደ ካርታዋ ተመለሰች። እሱን ደግሞ አንድ ትልቅ ሆቴል ቀጠረው። የሞተውን ገንዳ መልሶ ለማልማት የኮራል ችግኝ ጣቢያ አቋቋመ፤ ከሌላ ቦታ የመጡ የኮራል ቁራጮች ገመድ ላይ ታስረው ውሃ ውስጥ በቆሙ የብረት ፍሬሞች ላይ ተሰቀሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አይካድም። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ካሰሩት ጠላቂዎች አንዱ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። የምርቃቱ ቀን ተቆረጠ፣ እንግዶች ተጠሩ። ሙቀቱም በዚያው ሰሞን መጣ።

ሟርቷ ጠዋት ጠዋት የጥልቁ ባሕር ድምር ሲያድግ አየች፤ ገንዳው በዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምር በልምድ ታሰላዋለች። በእሷ ሒሳብ ቀይ ነበር። ካርታው ላይ ግን የገንዳው ካሬ በተበደረችው ቁጥር ቢጫ እንደሆነች ናት። መመሪያው አልተሻረም። ሟርቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ካርታውን ያለ አንድ ቃል አወጣችው። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ራት ላይ ወንድሟ አፉን እንደሞላ ጠየቃት። «እትዬ፣ ባሕሩ እንዴት ነው?»

«ካርታው ቢጫ ነው።»

«ቢጫማ ምን አላት። ቢጫ መቼ ጠፍታ ታውቃለች?»

«በል ብላ» አለች። እናታቸው የሴት ልጇን ፊት አየት አድርጋ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳይሬክተሩ ራሱ ቢሮ መጣ። ደረጃው አድክሞት ነበርና በሩን ተደግፎ ተነፈሰ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ! አሁንም እዚሁ ነሽ?»

«ከመጋዘን ወጣሁ እንጂ የት እሄዳለሁ።»

እንዳልሰማ ሆነ። «ውሃው ትንሽ ሞቆብኛል። ካርታው ግን ቢጫ ይላል፣ አይደል?»

«ቢጫ ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ከካርታው ውጭ ቃል አልጨምርም። መመሪያ አለብኝ።»

በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሥራ የያዙ መሰሉ። ከጀልባዎች ጋር የሚነጋገረው አዛውንቱ የሬዲዮ ሠራተኛ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ ገፋ አደረገ።

«እሱ እኮ የድሮ ነገር ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«ያወጣው ሰው አልሻረውም። ያን ዓመት ነግሬዎት እንደነበረ ለጀልባ ነጂዎቹ ይንገሯቸው፣ እኔም የማውቀውን አሁኑኑ እነግርዎታለሁ።»

«ቂመኛ!» አለና ሳቀ። «ቢጫ ካለ ቢጫ ነው። ሟርትሽን ለራስሽ ያዢው።»

«ይዤዋለሁ» አለች።

እዚህ ላይ ባሕር ራሱ ጣልቃ ገባ። አንዳንድ ኮራሎች ሙቀት ሲያስጨንቃቸው ከመንጣታቸው በፊት የሚያበራ ቀለም ያመነጫሉ፤ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ ደማቅ አረንጓዴ። ከፀሐይ የሚከላከሉበት የመጨረሻ ጃንጥላቸው ነው። ሊሞት የተቃረበ ነገር እንዲህ ሲያምር ማየት ያስደነግጣል፤ የማያውቅ ግን ያጨበጭባል።

ወንድሟ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከበሩ ጀምሮ ይጮኻል። «እትዬ! ብታያቸው! እንደ አምፖል በርተዋል! ሰውየው ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። እንዲህ አምረው አያውቁም!»

የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ዳይሬክተሩ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች፤ በዚያ ሐሳብ ውስጥ ግን ይህ ፊት አልነበረም።

«እየሞቱ ነው» አለችው።

«ምን?»

«የበሩት ስለታመሙ ነው። ገንዳው ከቀይ አልፏል። ካርታው የጎረቤት ቁጥር ነው የያዘው።»

ወንድሟ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ካወቅሁ ቆይቻለሁ።»

«በየማታው ስጠይቅሽ አልነበር? እዚህ ወንበር ላይ?»

«የጠየቅከኝን መልሼልሃለሁ።»

«እሱን ልትቀጪ የእኔን እጅ ሥራ ትቀቅያለሽ? ጣቴ እስኪላላጥ ነው ያሰርኳቸው! አንቺና እሱ በምን ትለያላችሁ?»

ይህ ቃል ሰይፍ ሆኖ ገባ፤ ነገር ግን አንገቷን አላስደፋትም። «ከአለቱ አጥር ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ የሚወጣበት ቦታ አለ። ገመዶቹን ፈትታችሁ እዚያ ጥለቁና ስቀሏቸው። ለሰውየው አትንገረው።»

«አሁንም ሰውየው!» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ግን እሷ የደበቀችውን እሱ እንደማይደብቅ አሳይቶ ሊያሳፍራት ለዳይሬክተሩ ነገረው። ዳይሬክተሩ አላስጨረሰውም። «እንዲህ አምረው ታመሙ ትለኛለህ? የእህትህን ወሬ እዚያው ቤታችሁ። ከምርቃቱ በፊት አንድ ገመድ የነካ ሥራ እንደሌለው ይወቀው!» ጠላቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሥራ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ እነዚያን ቁራጮች ግን ማንም መልሶ አያስርላቸውም። ዳይሬክተሩ እንግዶቹን ለመቀበል በሄደበት ሰዓት ገመዶቹን ፈትተው ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ወሰዷቸው። ከላይ የተሰቀሉት ነጥተው፣ ሥጋቸው በእጅ ላይ ይሟሽሽ ነበር። እነሱን የገደለው የሟርቷ ዝምታ ነው፤ ወንድሟ ይህን ሳይደብቅ ነገራት፣ እሷም አልተከራከረችም።

የምርቃቱ ዕለት ወለሉ መስታወት የሆነው የሆቴሉ ጀልባ በእንግዶች ተሞልቶ ገንዳው ላይ ቆመ። ዳይሬክተሩ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ክንዱን ዘርግቶ «እነሆ!» አለ። እንግዶቹ አጎነበሱ። ከሥር ባዶ ብረት ቆሟል፤ ልብሱ የተነሳበት የልብስ ማድረቂያ ይመስላል። አንዲት ሴትዮ በትሕትና «ኮራሉ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች።

ወንድሟ መሪው ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ ሲያፈጥበት «እትዬ ታውቃለች» ብሎ የጀልባውን ሬዲዮ አቀበለው። በዚያ የሬዲዮ መስመር ላይ የሚነገረውን በባሕሩ ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ ይሰማዋል።

ቢሮ ውስጥ አዛውንቱ ወንበሩን ለቀቀላት። «ሟርቷ፣ ያንቺው ሰውዬ ነው።»

«የት ናቸው?» የዳይሬክተሩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«በሕይወት አሉ» አለች።

«የት ነው ያልኩሽ!»

«ገንዳው ስለሞቀ ተዛውረዋል። ካርታው ላይ እንደማይታይ ያን ዓመት ነግሬዎት ነበር። ነግሬዎታለሁ ወይስ አልነገርኩዎትም?»

ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ የግል ጉዳይ ነው። ስልክ ላይ እንነጋገር።»

«ስልክ የለኝም» አለች። ስልኩ ክርኗ ሥር ነበር።

«እንግዶች እኮ ይዣለሁ!»

«ይስሙ። ቦታውን እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ መጀመሪያ ይመልሱልኝ።»

ዳይሬክተሩ በተጨመቀ ድምፅ «ነግረሽኛል» አለ።

«ምን ብዬ?»

«ገንዳው ከካርታው በላይ ይሞቃል ብለሽ። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። አዳራሹ ውስጥ ያልኩትም... ልክ አልነበረም። ይበቃል?»

ወንድሟ መስመሩ ላይ ገባ። «እትዬ፣ ሰምተናል። ቦታውን ንገሪያቸውና እንሂድ፣ ሰው እየተጠበሰ ነው።»

ሟርቷ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ የሬዲዮው መብራቶች በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። «ጌታዬ፣ ድምፅዎ ተቆራረጠብኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ።»

አዛውንቱ መብራቶቹን አየ፣ እሷን አየ። ያን ጊዜ ከሩቅ አንድ የሸመገለ ጀልባ ነጂ መስመሩ ላይ ገባ። «እኛም ጋ አልተሰማም!» አለ። ሌላው ተከተለው፤ «እኛም ጋ! ጮክ ይበሉ!» ሦስተኛው ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ «ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል» አለ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና ከመጀመሪያው ጀመረ።