የአንዲት «ቱ» ጠብ

ሰውየው አልጥላትም ብሎ የሙጥኝ ያላት «ቱ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ መስተዋድድ ነበር። በደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ዳይሬክተሩ «መምህርህን አድምጥ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በቀይ ቀለም ሲያስጽፉ፣ «ሊስን» ከሚለው ግስ ቀጥላ መግባት የነበረባት እርሷ ተዘለለች። በዚያው የሚያስተምረው ሰውየው በጠመኔ አስገባት፤ ዳይሬክተሩ አስጠፏት፤ እርሱ መልሶ አስገባት።

ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት የመጣ ነው ይላሉ፤ እርሱ ስለ ራሱ አያወራም። የኮቱ ክርን ተጥፏል፤ ጠመኔውን ግን በነጭ መሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ያኖራል። ሲቆጣ ድምፁ ይብሱን ዝቅ ይላል። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቱን ብቻውን እንደሚያስታምም የሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ ያውቃሉ።

ዳይሬክተሩ በመምህራኑ ፊት አስጠሩት።

«አንተ ሰው፣ ቱ ቱ እያልህ ግድግዳዬን ምራቅ አለበስኸው! ‹ሂር›ም ሆነ ‹ሊስን› ያው መስማት ነው። ዳግመኛ ብትነካው ወደ ይጁቤ ትምህርት ቤት ተዛውረሃል!»

መምህራኑ ሳቁ። የሰውየው ድምፅ ዝቅ አለ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት ‹ሂር›ን ብቻ ነው። እርሱ ‹ቱ› አያሻውም፤ ድምፅ ጆሮ ከገባማ በቅሎም ይሰማል። ‹ሊስን› ግን ልብን ወደ ተናጋሪው ማዞር ነው፤ ማዞሪያዋም ‹ቱ› ናት። እኛ መምህራኑ ሦስት ዓመት ሙሉ አቤት ስንል ሰምተውናል፤ አንድ ቀን እንኳ አላደመጡንም። ይጁቤም ግድግዳ አለ፤ እዚያም እጽፋታለሁ!»