አባ ቆይ እና የሐሙሱ ቤት

የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ሕፃን አዋቂው «አባ ቆይ» ነው የሚላቸው። የካቶሊክ ሚስዮኑ አለቃ ናቸው፣ ከበላያቸው ያሉት ጳጳሱ ብቻ ናቸው፤ ግን አለቅነታቸውን ራሳቸውም የሚያስታውሱት አይመስሉም። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ የሳሳ፣ የጫማቸው ተረከዝ በአንድ በኩል የተበላ ቀጭን ሰውዬ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ሐሙስ ከሰዓት ስለ እምነታቸው ሊከራከሩ እሳቸው ዘንድ የሚሰበሰቡ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው። አንዱ የሌላውን ንግግር አቋርጦ ሊመልስ ሲንደረደር አባ እጃቸውን ብድግ አድርገው «ቆይ! ቆይማ!» ይላሉ። «መጀመሪያ እሱ ያለውን አንተ በለው። ‹አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት› ይበልህ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለግክ መልስ።»

የቤቱ ሕግ ይቺው ነበረች። ቀላል ትመስላለች አይደል? እስቲ ከባለቤታችሁ ጋር ስትጣሉ ሞክሯት፣ ያን ጊዜ ታገኙታላችሁ! አንድ መካኒክና አንድ አስተማሪ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ሐሙስ ተፋጥጠዋል። መካኒኩ «እናንተ ሦስት አምላክ ነው የምታመልኩት» ብሎ ይጀምራል፣ አስተማሪው «እንደዚያ አላልኩም» ይላል፣ አባ «ቆይ፣ እንደገና» ይላሉ። በመጨረሻ መካኒኩ ላብ በላብ ሆኖ በትክክል ሲደግምለት አስተማሪው ራሱ «እኔም እንዲህ አሳምሬ ብዬው አላውቅ» አለ። ማንም ማንንም አላሳመነም። ግን ከዚያ በኋላ የአስተማሪው መኪና ሲበላሽ ሌላ ጋራዥ ሄዶ አያውቅም።

ቤቱ ቤት እንኳ አይባልም። በሚስዮኑ ግቢ ጥግ ላይ ያለች፣ ድሮ የአናጺ ዕቃ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሲቀመጡበት የሚንቋቋ አግዳሚ ወንበር፣ ወደ ዘበኛው ማረፊያ የምታሳይ አንዲት መስኮት፣ ይኸው ነው። ይህችን ክፍል አባ ብቻቸውን አልከፈቷትም፤ ከሼኩ ጋር ነው።

ሼኩ በሰፈሩ መስጊድ ለረጅም ዘመን ኢማም ሆነው ያገለገሉ፣ ሲስቁ ሆዳቸው አብሯቸው የሚስቅ ተረበኛ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱ ግድግዳ ተጋርተው ነው ያደጉት፤ የአንዱ አባት አናጺ፣ የሌላው አባት ልብስ ሰፊ። አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሼክ ሆነውም መላከፋቸውን አልተዉም። ሼኩ «አንተ ቄስ፣ የጀነት በር ላይ ቆሜ እኔም ‹ቆይ› እልሃለሁ!» ይላሉ። አባ ደግሞ «አንተን ያ ሆድህ በበሩ ካሳለፈህ አይደል!» ይላሉ።

አንድ ሐሙስ የሞት ነገር ተነሣ። ሼኩ ስቀው ሲያበቁ ኮስተር አሉና፣ ሙስሊም ነፍሱ ልትወጣ ስትል ጆሮው ላይ ሸሃዳ እንደሚባልለት አስረዱ፤ ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም መልእክተኛው እንደሆነ፣ የሰውየው የመጨረሻ ቃል ይህ እንዲሆን። አባ በሕጉ መሠረት ደገሙት። ተሳሳቱ፣ ታረሙ፣ እንደገና ደገሙት። ቀጥለው «እኛ ዘንድ የሚባለው ‹አባታችን ሆይ› ነው» አሉና ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አሉት። መድገሙ የሼኩ ተራ ነበር።

«ሌላው ሁሉ ይዋጥልኛል» አሉ ሼኩ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ይቺ ‹አባታችን› የምትለዋ ናት ጉሮሮዬ ላይ የምትቀረው። እኛ እኮ አላህን አባት አንለውም።»

በዚህ ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው፣ የአያቱን ሙያ ይዞ ልብስ ሰፊ የሆነው፣ ጸሎቱን ከጥግ እስከ ጥግ አንዴ እንኳ ሳይደናቀፍ ወጣው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «አንተ ቄስ፣ ልጄን ልትወስድብኝ ነው እንዴ!» አሉ ሼኩ። ያኔ ሁሉም ነገር ጨዋታ ነበር።

ከዚያ ከተማው ተበላሸ። ከየት እንደጀመረ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ግን «እነሱ ናቸው የጀመሩት» ይላል። አንድ ሱቅ ተቃጠለ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ረገፈ፣ አንድ ወጣት ከሥራ ሲመለስ ተወግቶ ሞተ። ወታደሮች መንገድ ዘጉ፣ ስልክም ተቋረጠ። የዚያን ሐሙስ ወደ ክፍሏ ዝር ያለ ሰው አልነበረም። ሼኩ ብቻ በጓሮ በጓሮ ግድግዳ እየተደገፉ መጡ።

«ምን እግር ጣለህ አንተ ሰውዬ! አርፈህ ቤትህ አትቀመጥም?» አሉ አባ።

«እኔና አንተ ከቀረንማ ይሄን በር ማን ሊከፍተው ነው?» አሉ ሼኩ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አባ ሻይ ቀዱላቸው። ሼኩ ብርጭቆውን ሳያነሡ ደረታቸውን ጨብጠው ከአግዳሚው ወደ ጎን ተንሸራተቱ።

አባ ዘበኛውን «ሩጥ፣ ልጃቸውን ጥራልኝ!» ብለው ሰደዱት። ሼኩን ወለሉ ላይ አስተኝተው የሼኩን ራስ ጭናቸው ላይ አሳረፉና ፎጣ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ግንባራቸውን ያብሱ ጀመር። ዘበኛው ወታደሮች ከመታጠፊያው መልሰውት ሲመጣ በመስኮት ያየው ይህንን ነው፤ ቄሱ ጎንበስ ብለው፣ የሼኩ ግንባር ላይ ውሃ ሲወርድ፣ የቄሱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ። በሌላ መንገድ ልሞክር ብሎ ተመልሶ ሮጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ሰዓት ላይ አየ እንጂ።

ውስጥ የነበረው ነገር ሌላ ነው። የሼኩ ምላስ ተሳስሯል። ዓይናቸው ግን አባ ላይ ተተክሏል፤ ምን እንደሚለምኑም አባን አልጠፋቸውም። ከእሳቸው ሌላ ቃሉን የሚልላቸው ሰው የለም። ከአላህ በቀር አምላክ የለም የምትለዋን የመጀመሪያዋን ግማሽ ሳያቅማሙ ጆሯቸው ላይ አሏት፤ እሷ የራሳቸውም እምነት ናት። ሙሐመድ መልእክተኛው ነው የምትለዋ ሁለተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዕድሜ ልኩን ሲቀድስ የኖረ አፍ ይህን እንዴት ብሎ ይላል? ጌታዬስ ምን ይለኛል? ሼኩ ዓይናቸውን ከአባ ላይ አላነሡም፤ ልጆች ሳሉ በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቆ የሚያያቸው ያው ዓይን ነው። አባ አሉት። ሙሉውን፣ እንደታረሙት፣ ሳይሳሳቱ። የሼኩ ቀኝ እጅ ወለሉ ላይ እንዳለ የአላህን አንድነት የሚመሰክሩባትን አመልካች ጣቱን ቀና አደረገ፤ ከዚያ ጣቱ ወደቀ፣ ትንፋሻቸውም ቆመ።

ልጁ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ሲደርስ ዘበኛው መንገድ ላይ የነገረውን ሰምቶ ነበር። አባ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰዎቹ ገፍትረዋቸው አስከሬኑን ይዘው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ወሬው ሰፈሩን አዳርሶታል። «ቄሱ ሼኩን ሊሞቱ ሲሉ አጠመቃቸው!» ዘበኛው ውሃ አየሁ ነው ያለው፤ የቀረውን ሰፈሩ ጨመረለት። በሼኩ ቦታ የተተኩት አዲሱ ኢማም ግራ ገባቸው። ሃይማኖቱን በለወጠ ሰው ላይ አይሰገድም፣ ከሙስሊም መቃብርም አይገባም። ያ ሁሉ ዘመን ሰው ሲያሰግዱ የኖሩ ሼክ ሳይታጠቡ፣ ሳይገነዙ፣ በአንሶላ እንደተሸፈኑ በመስጊዱ ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ልጃቸው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጧል።

አባ ቆይ ብቻቸውን ገቡ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። ልጁ ብድግ ብሎ ኮታቸውን ደረታቸው ላይ ጨመደደው።

«አባቴን ምንድነው ያደረግከው?» አለ። ዕድሜውን ሙሉ «እርስዎ» ሲላቸው የኖረ ልጅ ነው፤ «አንተ» ማለቱ ከጥፊ በላይ አመማቸው።

«ቆይ ልጄ» አሉ አባ። «መጀመሪያ እናንተ ያላችሁትን ልበል። ሼኩ በደከሙበት ሰዓት ውሃ አፍስሰህ አጥምቀሃቸዋል፣ እምነታቸውን ሰርቀሃቸዋል ነው ያላችሁኝ። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ!» አለ ግቢው ባንድ አፍ።

«እንግዲህ የእኔንም ስሙኝ። ውሃው ላባቸውን ላብስ ነው። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ የታየው ደግሞ ሸሃዳውን ጆሯቸው ላይ ስልላቸው ነው። ሙሉውን ነው ያልኩት። ጣታቸውን አነሡልኝና ሄዱ።»

«ታዲያ ሰልመሃል ማለት ነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አልሰለምኩም። የራሳቸውን ቃል ነው ያቀበልኳቸው።»

የልጁ እጅ ላላ። «የትኛውን ጣት?» አለ። አባ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው አሳዩት። ልጁ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሼኩ ታጠቡ፣ ተገነዙ፣ ተሰገደባቸው፣ ከአባታቸው ጎን ተቀበሩ። አባን ግን «እርስዎ ከአጥሩ ውጭ ይቁሙ» አሏቸው። አብሮ አደጋቸው አፈር ሲለብሱ ያዩት በአጥር ቀዳዳ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው በወዲያኛው በኩል ዞረ፤ «የሚስዮኑ አለቃ ሰለሙ!» ጳጳሱ አስጠሯቸው። ጳጳሱ ክፉ አይደሉም፣ ፈሪ ናቸው፤ ፈሪ አለቃ ደግሞ ከክፉው በምን እንደሚሻል እኔ እንጃ።

«አባ፣ ምእመናኑ ታውከዋል» አሉ ጳጳሱ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቁሙና ‹እጃቸውን ይዤ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ያንን ቃል አላልኩም› ይበሉ። በቃ። ቤቱም አይዘጋም፣ እርስዎንም ከቦታዎ የሚነቀንቅዎ የለም።»

አባ ወለሉን አዩ። አላልኩም ካሉ ሐሙስ ይቀጥላል፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ቤት ይተርፋል። ግን ሼኩ ያለ ቃል ሞቱ፣ እንዲያውም በእርግጥ ተጠምቀዋል ይባላል፤ አስከሬናቸውን እናወጣለን የሚል ጎረምሳም አይጠፋም። ልጁም የቆመው በዚያች በአንዲት ጣት ላይ ነው።

«ይቆዩኝማ ብፁዕ አባታችን» አሉ። «መጀመሪያ እኔ ያልኩትን ይድገሙልኝ። ቃሉን ለምን እንዳልኩ እርስዎ ይበሉት። ከዚያ የወደዱትን ይፍረዱብኝ።»

ጳጳሱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ የሐሙስ ተማሪዎ አይደለሁም፣ አባ» አሉ።

ብዙም ሳይቆይ የሐሙሱ ቤት ተቆለፈ፤ የተሰባበረ ወንበርና የቀለም ቆርቆሮ ማጎሪያ ሆነ። አባ እንዳይቀድሱ ተከለከሉ፤ ሩቅ ከተማ ወዳለ የአረጋውያን ካህናት ማረፊያ ተላኩ። እዚያ ምግብ ሲቀርብ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። መካኒኩና አስተማሪው መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ደፍተው ይተላለፉ ጀመር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ስንት ሐሙስ የለፉበት ነገር!

ልጁ ሊጠይቃቸው ዛሬ ነገ ሲል ጊዜው ነጎደ። አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ ልጅ ታመመ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሰው ዓይን ፈርቶ ነው። በመጨረሻ በማረፊያው የምታስታምማቸው መነኩሲት ደወለችለት። «ሌት ተቀን የሚጠሩት አባትህን ነው። ልትደርስላቸው ከፈለግክ አሁኑኑ ና» አለችው።

መኪና ስለሌለው ከመስጊዱ አንድ ሰው ይዞት መጣ። መነኩሲቷ «የሚያናዝዛቸው ቄስ ላምጣ፣ አንተ አጠገባቸው ሁን» ብላ ሮጣ ወጣች። የመስጊዱ ሰው በሩ ላይ ቆመ። አባ ጠባብ አልጋ ላይ ናቸው፤ ምላሳቸው ተሳስሯል። ልጁን ሲያዩት ዓይናቸውን ተከሉበት።

ልጁ ምን እንደሚለምኑት ወዲያው ገባው። «አባታችን ሆይ»ን ያውቀዋል፤ ያኔ በሳቅ መሀል ከጥግ እስከ ጥግ ወጥቶታል። ጎንበስ ብሎ አፉን ጆሯቸው ላይ አደረገ። ያቺ የመጀመሪያዋ ቃል፣ በአባቱ ጉሮሮ ላይ ትቀር የነበረችው፣ በእሱም ጉሮሮ ላይ ተሰነቀረች። ወደ በሩ ዞር አለ፤ ሰውየው እያየው ነው። ሱቁ፣ ልጆቹ፣ የሰፈሩ አፍ፣ ሁሉም ባንዴ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። አላህስ ምን ይለኛል?

«ይቆዩኝ አባ» አለ። «አንድ ጊዜ፣ ትንሽ ይቆዩኝ።»

መነኩሲቷ ከቄሱ ጋር ስትመለስ ልጁ እንዳጎነበሰ ነበር፤ አፉ ተከፍቷል፣ ምንም አልወጣውም። አባ ሄደዋል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ደረስክላቸው?»

«ደርሼ ነበር።»

«ተመስገን። ታዲያ ምን አልካቸው?»

ሄዶ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠ፤ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ፣ ግን አልረገጠውም።

«ይቆዩኝ አልኳቸው» አለ።