ለየብቻ የተዘረጋ መስመር

ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር የተከራየሁት ክፍል የአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበር። አባታቸው በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው የቀሩ ሠራተኛ ስለነበሩ እሳቸው የተወለዱት እዚሁ ጅቡቲ ነው። አማርኛቸው ግን ጥርት ያለ ነው፤ መብራትን ብቻ እንደ ፈረንሳዮቹ «ኩራን» ይሉታል። እማማ እላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ አንዲት ልጃቸው ፈረንሳይ አገር ትኖራለች። እኔ ደግሞ ወደቡ አጠገብ ካለ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሬ ወደ አዲስ አበባ የሚጫን ዕቃ ሰነድ አስጨርሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ከሾፌርና ከጉምሩክ ሰው ጋር ስነታረክ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን የማወራው ሰው አልነበረኝም።

ማድ ቤቱ የጋራችን ነበር። ከቆጣሪው የሚመጣው አንድ ያረጀ መስመር የእሳቸውን ክፍል አልፎ፣ ማድ ቤቱን ነክቶ፣ እኔ ክፍል ያልቃል። ማድ ቤት ያለችው ሶኬት አንዲት ስለሆነች ማከፋፈያ ሰክተንባት የእሳቸው ፍሪጅ፣ የእሳቸው ውሃ ማፍያና የእኔ ምድጃ ከዚያችው ይወስዳሉ። ምድጃዬና ውሃ ማፍያቸው አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። ያኔ የሁለታችንም ክፍል ይጨልማል፣ የሁለታችንም ቬንትሌተር ይቆማል።

ስለዚህ ሳንሰካ በፊት መጠያየቅ ልማዳችን ሆነ። ከሥራ ስመለስ መጋረጃቸው አጠገብ ቆሜ ውሃ ጥደው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ጥደው ከሆነ እስኪፈላ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸው ስለ ውሎዬ ይጠይቁኛል፤ አንዳንዴ አባታቸው ከጉዞ ሲመለሱ ይዘውላቸው ስለሚመጡት ብርቱካን ያጫውቱኛል። ብዙ ጊዜ ውሃው ፈልቶ፣ ሻዩ ተጠጥቶም ጨዋታው አያልቅም፤ እራቴን የምሠራው እየራበኝ ነው።

አንድ ጊዜ ልጃቸው ለዕረፍት መጣች። ማከፋፈያው ጠርዙ ላይ መቅለጡን ስታይ ደነገጠች፣ በማግስቱም ከባልባላ ሰፈር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጣች። ሰውዬው ለእኔ ክፍልና ለምድጃዬ ከቆጣሪው ሥር አዲስ መስመር ሳበልኝ፣ የራሱንም ብሬከር አደረገለት። አሮጌው ለእማማ ብቻ ቀረ። ከእንግዲህ መጠባበቅ የለም ብሎ ሲነግረን ሁላችንም ደስ አለን። ያን ዕለት ገና እንደገባሁ ምድጃዬን አበራሁ።

ከዚያ በኋላ መጋረጃው አጠገብ የሚያስቆመኝ ነገር ጠፋ። «እንደምን ዋሉ እማማ?» እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል፤ አልፋለሁ። ሠርቼ ሳህኔን ይዤ ክፍሌ እገባና ስልኬን እያየሁ እበላለሁ። ግድግዳው ማዶ ሲያስሉ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን ሄጄ ልቀመጥ እነሣና በሬ ላይ ስደርስ የምለው ይጠፋኛል። ያለ ጉዳይ እንዴት ይኬዳል?

የሙቀቱ ወራት ገባ። አቅም ያላቸው ጎረቤቶች ቤታቸውን ቆልፈው ወደ ደጋ ወጡ፣ ሰፈሩ ጭር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወትሮው ቀድሜ ስገባ እማማ ግቢው ውስጥ የግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ራሳቸው ላይ እርጥብ ነጠላ ጣል አድርገው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ከንፈራቸው ደርቋል። ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ኩራን የለም» አሉኝ።

ክፍሌን ከፍቼ አየሁት፤ መብራት አለ።

«ያንተማ አለ። የኔ ነው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የጠፋው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም እማማ?»

«መስመራችን ተለያየ አይደል እንዴ ልጄ? ምን ብዬ ላስቸግርህ።»

ከሁሉ የከፋኝ ያቺ «ላስቸግርህ» ያሏት ቃል ነበረች።

በመርፌ የሚወስዱት የስኳር መድኃኒት ፍሪጁ ውስጥ እንደሆነ ትዝ አለኝ። ስከፍተው የተበላሸ ዓሣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሞቋል። የእሳቸውን ዕቃ ሁሉ ነቅዬ ብሬከሩን አነሣሁት፤ ተመልሶ አልወረደም። ቬንትሌተሩን ሰካሁ፤ ሠራ። ፍሪጁን ስሰካ ያኔውኑ ወረደ። ብልሽቱ ከፍሪጁ ስለነበር እሱን ነቅዬ ተውኩትና እሳቸውን ቬንትሌተሩ ፊት አስቀምጬ ውሃ አጠጣኋቸው። ከዚያ ፋርማሲ ሄጄ ሌላ መድኃኒት አመጣሁ። እኔ ፍሪጅ ስለሌለኝ የማዕዘኑን ባለሱቅ ለመንኩት፤ ከለስላሳዎቹ መሀል አስቀመጠልን። መርፌያቸው በደረሰ ቁጥር ሄጄ አመጣላቸው ነበር።

እነዚያን ሳምንታት እንደገና ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እሳቸው ምስጋና ያበዛሉ፤ እኔም አመሻሽ ላይ እንዲያርፉ ብዬ ቶሎ እነሣለሁ።

ልጃቸው የሆነውን ስትሰማ ሙቀቱ ሳያልፍ መጥታ ወደ ፈረንሳይ ወሰደቻቸው። ታክሲ ውስጥ ሆነው እጄን ለረጅም ጊዜ ያዙኝ። ክፍላቸውን አሁን አንድ ነጋዴ ዕቃ ማከማቻ አድርጎታል።

አልፎ አልፎ እሑድ እሑድ በልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። ብርዱ ከቤት አላስወጣ እንዳላቸው ይነግሩኛል፣ እኔም ስለ ወደቡ አወራላቸዋለሁ። ከዚያ ወሬው ያልቃል። እሳቸውም ስልኩን አይዘጉም፣ እኔም አልዘጋም፤ ትንፋሻቸውን እየሰማሁ እቆያለሁ።