የእህቱ ልጅ ጉልበት

የብሔራዊ ቡድኑ ወጌሻ በእጁ ይመካል። ሌላ የሚመካበት ነገር ስለሌለው አይፈረድበትም። ለቡድኑ ሐኪም ይቀጠራል ከተባለ ቆይቷል፤ እስኪቀጠር ድረስ የተጫዋች እግር ደኅና ነው፣ አይደለም የሚለውን የሚቆርጠው እሱ ነው። አሰልጣኙም ቃሉን ሳያላምጥ ይውጣል።

በጨዋታው ዋዜማ የእህቱ ልጅ ማሳጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር። የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፤ ነገ የሚሰለፈውም ቋሚው ስለታመመ ነው። ወጌሻው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ወደ ጎን ሲገፋው ልጁ ጥርሱን ነከሰ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ነው፣ አጎቴ።»

«ለእኔ ነው ትንሽ የምትለው?»

ልጁ ተነስቶ ተቀመጠና እጁን ያዘው። «በሞቴ እንዳትናገር። ነገ ካልገባሁ ሁለተኛ ማን ይጠራኛል? እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ልታየኝ ነው።»

የወጌሻው አንጀት አልችል አለ። የልጁ አባት ከሞተ ወዲህ ያሳደገው እሱ ነው፤ ኳስ እንዲጫወት እናቱን የለመነውም እሱ። ደግሞም ዝም ብሎ አልራራም፣ አሰበበት። ቡድኑ ሁልጊዜ የሚጫወተው በአራት ተከላካይ ነው። የመስመር ተከላካዩ የራሱን ክልል ይጠብቃል እንጂ እምብዛም አይወጣም፤ ሩጫው የፊተኛው የመስመር አጥቂ ሥራ ነው። በደንብ ከታሰረ ይችላል ብሎ ራሱን አሳመነ። አሰልጣኙ በር ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ልጁ እንዴት ነው?» ሲለው፣

«ብረት ነው!» አለ።

በማግስቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ሰሌዳው ላይ ማግኔቶቹን ደረደረ። ጥግ ላይ ፋሻ የሚያዘጋጀው ወጌሻ ቀና ሲል ከኋላ ሦስት ብቻ አየ። ዐይኑን አላመነም፤ ደግሞ አየ። ከኋላ ሦስት፣ መሐል አምስት፣ ፊት ሁለት።

«አሰላለፍ ቀይረናል፤ እነሱም አይጠብቁትም» አለ አሰልጣኙ ወደ ልጁ ዞሮ፣ የቀኙን ማግኔት ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው እየጎተተ። «ይሄን መስመር በሙሉ ለብቻህ ነው የምትሸፍነው። ወጥተህ ታሻማለህ፤ ኳስ ስንነጠቅ ከሁሉም ቀድመህ ትመለሳለህ። ጉልበትህን አምኛለሁ፣ ጋሼ መስክሮልሃል።»

ወጌሻው አፉን መክፈት የነበረበት ያኔ ነው። ግን «ትናንት ዋሽቼሃለሁ» ማለት በገዛ እጅ ከሥራ መባረር ነው፤ ልጁም ከወንበሩ ሆኖ እንዳትናገር በሚል ዐይን ያየዋል። ጉልበቱን ደራርቦ አሰረለት። ፋሻ ምን ያድርግ!

ልጁ ሮጠ። ያሻማል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል፤ ተመልካቹ ወደደው። ወጌሻው ግን ጨዋታውን አላየም፤ የሚያየው አንድ ጉልበት ብቻ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ልጁ ያሻማው ኳስ ተቋረጠና ሊመለስ ዞረ። ማንም አልነካውም። እግሩ እንደተተከለ ቀረ፣ ሰውነቱ ግን ዞረ። ጩኸቱ ተጠባባቂዎች ወንበር ድረስ ተሰማ።

«ወጌሻ!»

ሮጦ ደረሰና ጉልበቱን ያዘ። እጁ ወዲያው አወቀ።

«አጎቴ፣ ትመልሰዋለህ አይደል?» አለ ልጁ ሣሩን እየነጨ።

ወጌሻው ወደ አሰልጣኙ ዞሮ የቅያሪ ምልክት አሳየ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ቁርጡን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ ኳስ የለም። ልጁ ስለ ዋዜማው ለእናቱ ትንፍሽ አላለም። ወጌሻው ግን ሊነግራት ቆርጦ፣ ኮሪደሩ ላይ ከእህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ገና አፉን ሳይከፍት እጁን ይዛ ሳመችው።

«ወንድምዬ፣ ይሄ ሐኪም የሚለውን ሰማህ? ጉልበቱ ከጨዋታው በፊትም ተጎድቶ ነበር ይላል። ምን ዓይነቱ ነው! ተጎድቶ ቢሆን አንተ ታስገባው ነበር እንዴ?»

ወጌሻው እጁን ከእጇ ማውጣት አልቻለም።

«አላስገባውም ነበር» አላት።