እናቷ ከባቡር የወረደችበት ቀን

የሰማንያ ስምንት ግንቦት አዲጋላ ላይ እሳት ነበር። ነፋሱ አሸዋ ተሸክሞ ይመጣና ጥርስ ውስጥ ሳይቀር ይንኮሻኮሻል፤ ውሻው እንኳ ከጥላ ጥላ ሲዞር ነበር የሚውለው። ማህደር ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። ያ ግንቦት እስከ ዛሬ አይረሳትም፤ በሙቀቱ ግን አይደለም።

እናቷ እታገኘሁ ከጅቡቲ ድሬዳዋ በባቡር እየተመላለሰች ልብስ ትነግድ ነበር። ልጅቷን ትምህርቷ እንዳይጓደል ብላ፣ መንገዷ ላይ ባለው በአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሻይ ለምትሸጠው ለረቢዓ ትታታለች። ማህደርም ረቢዓን በአገሩ ደንብ "ኢዶ" ትላታለች፣ አክስቴ እንደማለት። ባቡሩ በሳምንት አንዴ ሲያልፍ ቢቆም ሩብ ሰዓት ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት እታገኘሁ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ልጇን ትስማለች፣ ብስኩት ታቀብላለች፣ ደብተሯን ታያለች። እናትና ልጅነታቸው እንግዲህ ይኸው ነበር።

ደግሞ ነጋዴዎቹ ሴቶች ብልሃት አላቸው፤ ጉምሩክ እንዳይወስድባቸው አዳዲሱን ቀሚስ አራት አምስት አድርገው ይደራርቡታል። ከሲታዋ እታገኘሁ የድንበሩን ኬላ ደወሌን አልፋ ስትመጣ እንደ ጆንያ ተወጥራ ነው የምትደርሰው። ይህን ያየች ዑባህ የምትባል የክፍሏ ልጅ ተማሪው ሁሉ ፊት፣

"ማህደር፣ እናትሽ ስንት ሴት ናት?" አለቻት።

ሳቁ አላባራ አለ። ሳምንቱን ሙሉ አምስቱም እናቶችሽ ደህና ናቸው ወይ ሲሏት ሰነበቱ።

በሚቀጥለው የባቡር ቀን ማህደር ከጣቢያው የውሃ ታንከር ጀርባ ተደበቀች። እናቷ በመስኮት ተጣራች። ረቢዓም ተጣራች። ልጅቷ ጆሮዋን በእጇ ደፈነች። እታገኘሁ ልጄ አንድ ነገር ሆናለች ብላ፣ ያን ሁሉ ቀሚስ እንደለበሰች ዘላ ወረደችና ወደ ረቢዓ ቤት ሮጠች። ባቡሩ ጮኸና ሄደ። ወንበር ሥር የነበረው ዕቃዋም አብሮ ሄደ፤ ባለቤት የለውም ተብሎ ድሬዳዋ ላይ ተወረሰ።

ማህደር ቤት ስትገባ፣ አሞኝ ትምህርት ቤት ጋደም ብዬ ነበር አለች። እናቷ አልተቆጣችም። ግንባሯን በመዳፏ እየዳበሰች ተመስገን ብቻ አለች። ምነው በመታቻት ኖሮ።

መነገጃ ያጣችው እታገኘሁ በወሩ ጅቡቲ ሰው ቤት ተቀጠረች። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት ከጅቡቲ ከወጣች ተመልሳ መግቢያ የላትም፤ ባቡሩ ያለ እሷ ያልፍ ጀመር።

ማህደር ስታድግ እውነቱን ለእናቷ ለመንገር ቃል በቃል አጥንታ ተዘጋጀች። በዘጠና አራት አንድ ቀን፣ እናትሽ ደውላለች ተብላ ቴሌ ተጠራች። እየሮጠች ገብታ ትንፋሿን ሳትሰበስብ የእናቷ ድምፅ ቀደማት፤

"ማሂዬ፣ ያ ሕመም ተመልሶብሽ ያውቃል? እኔ እኮ ሁልጊዜ እሱን አስባለሁ።"

"ኧረ ድኛለሁ፣ እማዬ።"

ያጠናችውን ዋጠችው። ሌላ ሌላውን ሲያወሩ መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተደወለም።

ኋላ ለረቢዓ ስትነግራት፣ ልጅ ነበርሽ አለቻት። ታንከሩ ጀርባ የተደበቀችውስ ልጅ ናት፤ ቴሌ የዋሸችው ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳ ናት። ይህ ለማህደር ጠፍቷት አያውቅም።

አሮጌው ባቡር ጨርሶ ሲቀር ጓዟን ጠቅልላ ደወሌ ወረደች፤ ከጅቡቲ የሚመጣ ሰው በዚያ ነው የሚያልፈው ብላ። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ደወሌ፣ ጉምሩኩ ፊት ለፊት ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። እታገኘሁ ለመጨረሻ ጊዜ ታየች የተባለው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ጅቡቲ፣ ባልባላ ሰፈር።